ያገለገለ መኪና ስትመርጡ፦ ዋጋው በየዓመቱ ስንት ያስከፍላችኋል?

የአክስቴ ልጅ ፌርፋክስ፣ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። ባለፈው መስከረም በቴሌግራም የአንድ ወረቀት ፎቶ ላከልኝ። ከሥሩ «እየው እስቲ፣ መኪናዬን በየዓመቱ መልሼ እየገዛኋት ነው» ይላል። የመኪና ንብረት ግብር ማስከፈያ ነው። እስከ ኦክቶበር 5 ካልከፈለ ቅጣት ይከተላል።

ፎቶው ሲደርሰኝ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አንዲት ቡና ቤት ቁጭ ብዬ ነበር። የእኔም እጅ ላይ ወረቀት አለ። የኢንሹራንስ ማደሻ ናት። የሁለታችንም ወረቀት ላይ አንድ የሚመሳሰል መስመር ነበር፦ የመኪናው ዋጋ። የሱን ሌላ ሰው ሞልቶ ልኮለታል። የእኔ ባዶውን ነው የመጣው፣ ራሴ እንድሞላው። የሱ መኪና ስታረጅ ቁጥሩ ይወርዳል። የእኔዋ ስታረጅ፣ ይግረማችሁና፣ ይጨምራል።

መኪና ልገዛ ነው የሚል ሰው ሲያማክረኝ የማነሳው ይህንን ነው። አብዛኛው ሰው «ስንት ትሸጣለች?» ብሎ ይጠይቅና ነዳጅ ትበላለች አትበላም ብሎ ይጨርሳል። በየዓመቱ ከሚከፈለው ውስጥ የመኪናዋን ዋጋ እያየ የሚጨምረው የቱ ነው? ዋጋዋ ግድ የማይሰጠውስ የቱ ነው? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ሳይመልሱ ቶዮታ ቪትዝ ይሻላል፣ ኤሌክትሪክ ይሻላል ማለት በጨለማ መንዳት ነው።

በመጀመሪያ፣ እኛ ጋ የመኪና ንብረት ግብር አለ?

ይህ ጥያቄ በተለይ ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ በዝቷል። በዚያ ዓመት ጥር ላይ የንብረት ታክስ አዋጁ ሲጸድቅ፣ ቁጥሩ 1365/2017 ነው፣ ሰፈሩ በሙሉ «ለመኪናም ሊያስከፍሉን ነው» ሲል ሰነበተ። አዋጁ የሚመለከተው መሬትና ሕንፃ ላይ ነው። የድሮው የጣራና ግድግዳ ግብር ታላቅ ወንድም በሉት። ግቢ ውስጥ የቆመችዋን መኪና አይቆጥርም።

ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የግል መኪና ያለው ሰው በየዓመቱ የሚያገኛቸው ዋና ዋና ወጪዎች ሦስት ናቸው። አንዱ ዓመታዊ ምርመራና ቦሎ ነው። ፍሬን፣ መብራት፣ ጭስ ይታያል፣ ካለፋችሁ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። ሌላው የሦስተኛ ወገን መድን ነው። በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ 799 መሠረት ግዴታ ነው፣ ያለ እሱ ቦሎ አይታደስም። እነዚህ ሁለቱ የመኪናዋን ዓይነትና አገልግሎት ነው የሚያዩት። ኮድ 2 ናት ወይስ ኮድ 3? ሰው ትጭናለች ወይስ ዕቃ? የገበያ ዋጋዋ አያገባቸውም። አንድ ሚሊዮንም ታውጣ አራት ሚሊዮን፣ ሂሳቡ ያው ነው።

ሦስተኛው ሙሉ ኢንሹራንስ ነው። ግዴታ አይደለም። ባንክ አበድሯችሁ ከገዛችሁ ግን ግዴታ ይሆናል፣ ምክንያቱም ባንኩ መኪናዋን ሳያስመድን አይለቅም። እኛ አገር ውስጥ ቨርጂኒያ ካለው ግብር ጋር በባሕርይ የሚቀራረበው ይሄኛው ነው። ዋጋዋ ላይ በመቶኛ ተሰልቶ በየዓመቱ ይከፈላል። ልዩነቱ ገንዘቡ የሚሄደው ለመንግሥት አይደለም፣ በምላሹም የሆነ ነገር ይሰጣችኋል። ቢያንስ ይሰጣችኋል ተብሎ ይታሰባል። ወደዚህ እመለሳለሁ፣ ቁስሌ ስላለበት።

አሮጌ መኪና ለምን አይረክስም?

የፈረንጅ አገር ሰው ይህን ስትነግሩት አያምንም። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ተሠርታ፣ ሦስት አገር ዞራ፣ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ ተቀይሮ የገባች ቪትዝ፣ ከ10 ዓመት በፊት ከተገዛችበት በላይ ትሸጣለች። ደላላው ደግሞ ሥሪቷን ከመናገሩ በፊት የታርጋዋን ፊደል ነው የሚጠራላችሁ። ፊደሉ ከገፋ አገር ውስጥ የገባችው በቅርብ ነው ማለት ነው፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ይገፋል።

ምክንያቱ ድርብርብ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸው እየጨመረ የሚሄድ ታክስ ጣለ። በጣም ያረጁት ላይ እስከ 500 በመቶ ደረሰ። አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባት ያኔ ነው ትርጉም ያጣው። አገር ውስጥ ያሉት ደግሞ በዚያው ቅጽበት ብርቅ ሆኑ። ቀጥሎ በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ከእንግዲህ እንደማይገቡ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ወዲህ የመኪና ዋጋ ጠዋት የሰማችሁት ከሰዓት የማይሠራበት ጊዜ ነበር።

እንግዲህ በብር የተጻፈ የመኪና ዋጋ ሲጨምር መኪናዋ ተሻሽላ አይደለም። ብሩ ነው የቀጠነው። ግን ኢንሹራንሱ የሚሰላው በዚያው በቀጠነው ብር ነው።

በዝናብ የተማርኩት ሂሳብ

የእኔን መኪና በ800,000 ብር ገዛኋት። መጀመሪያ ዓመት ላይ በ800,000 አስመደንኳት፣ ትክክል ነበር። ሁለተኛው ዓመት ላይ ወረቀቱ መጣ። ያንኑ ቁጥር ጻፍኩ። ሦስተኛውም ያው። ዋጋውን ከፍ ባደርገው የምከፍለው ይጨምራላ! ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። በዚህ መሀል መኪናዋ ገበያ ላይ 1,600,000 ገብታለች። ደላሎች መንገድ ላይ አስቁመው «አትሸጣትም?» ይሉኛል፣ እኔ ደግሞ በኩራት «አልሸጥም» እላለሁ።

ነሐሴ ላይ ከመስቀል አደባባይ ወደ ስታዲየም ስወርድ ዝናብ ነበር። ፊት ለፊቴ ያለው ፒክአፕ ድንገት ቆመ። ፍሬኑን ረገጥኩት፣ መኪናዋ ግን መንሸራተቷን አልተወችም። ድምፁ ትልቅ አልነበረም። ወርጄ ሳይ ኮፋኖው ተጣጥፏል፣ አንዱ የፊት መብራት የለም፣ ራዲያተሩ አስፋልቱ ላይ ውኃ እየደፋ ነው። የፒክአፑ ኋላ ጭረት ነው የነካው። የሱን ሦስተኛ ወገን ሸፈነልኝ። የእኔን ጋራዡ 140,000 ብር አለ።

ቢሮ ሄድኩ። አንዲት ወጣት ልጅ ፋይሌን አገላብጣ፣ ካልኩሌተሯን ወደ እኔ አዙራ አሳየችኝ። «ጋሼ፣ መኪናው 1,600,000 ነው የሚያወጣው። እርስዎ 800,000 ነው ያሉት። ግማሹን ነው ያስመደኑት፣ ግማሹን ነው የምንከፍልዎ።» 70,000 ብር። ከሱም ላይ ከራሴ የምሸፍነው የመጀመሪያው ድርሻ ተቀነሰ። ተናደድኩ፣ ድምፄንም ከፍ አደረግኩ፣ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ልጅቷ ያለችው ውሉ ላይ ተጽፏል። ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። ከዋጋዋ በታች ካስመደናችሁ፣ ቀሪውን ራሳችሁ እንደተሸከማችሁት ይቆጠራል። መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ብትጠፋ ብቻ ሳይሆን በትንሹም ጉዳት ላይ በዚያው ልክ ይቀነሳል። አረቦኑን፣ ማለትም ለመድኑ በየዓመቱ የሚከፈለውን፣ 2 በመቶ ነው ብለን ብንይዝ፣ እኔ በዓመት ያተረፍኩት ቢበዛ 16,000 ብር ነው። በአንድ ዝናብ 70,000 ከፈልኩ።

በተቃራኒው ከዋጋዋ በላይ አጋንኖ ማስመደንም ጥቅም የለውም። ስትጠፋ የሚከፈላችሁ የዕለቱን ገበያ ያህል ነው። ትርፍ የከፈላችሁበት ቁጥር ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ሦስት ምርጫዎች፣ አንድ ገዢ

ቁጥሮቹን ለስሌት ብቻ ነው የምጠቀምባቸው፣ የገበያውን ዋጋ እናንተ ሄዳችሁ ጠይቁ። ቪትዝ 1,500,000 ብር፣ አምስትና ስድስት ዓመት የሠራች ሱዙኪ ዲዛየር 2,400,000፣ ትንሽ የተነዳች ኤሌክትሪክ 3,500,000 እንበል። ሙሉ ኢንሹራንስ ለሁሉም 2 በመቶ ነው ብለን ብናስብ፣ በዓመት 30,000፣ 48,000 እና 70,000 ይመጣል። ቦሎውና ሦስተኛ ወገኑ ይህን ያህል የሚለያያቸው አይደለም።

በቪትዟና በኤሌክትሪኳ መሀል ያለው ልዩነት 40,000 ብር ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ «በቃ ቪትዝ» ይላል። ቆይ። በቀን 30 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 300 ቀን የምትነዱ ከሆነ 9,000 ኪሎ ሜትር ነው። ቪትዝ በከተማ መንገድ በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር ትጠጣለች ብንል፣ 630 ሊትር ቤንዚን ይሆናል። 40,000ን ለ630 ስታካፍሉት 63 ብር ከ50 ገደማ ነው። ቤንዚን ያንን ዋጋ ካለፈ ሰንብቷል። ስለዚህ በየዓመቱ ከኪስ በሚወጣው ብቻ ካየነው ኤሌክትሪኳ ታሸንፋለች። ለነዳጅ ሰልፍ የሚባክነውን ጠዋት ሳንቆጥር ማለቴ ነው።

ግን ሌላ ወጪ አለ፣ ደረሰኝ የማይቆረጥለት። ኤሌክትሪኳ በዓመት ከዋጋዋ 10 በመቶ ብታጣ 350,000 ብር ነው። የኢንሹራንስም የነዳጅም ሂሳብ ከዚህ ፊት ኢምንት ነው። ታጣለች ወይ? ቪትዝን ያስወደደው ነገር ኤሌክትሪኳን እንደማያስወድዳት ማየት ያስፈልጋል። ለኤሌክትሪክ መኪና በሩ ክፍት ሆኖ ቆይቷል። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ አደረጋት። ሙሉ በሙሉ ተገጣጥማ ስትገባ 15 በመቶ ጉምሩክ ቀረጥ፣ በከፊል ተገጣጥማ ከሆነ 5 በመቶ ተባለ፣ ተበታትና አገር ውስጥ ለምትገጣጠመው ደግሞ ምንም። እንዲህ በቅናሽ አዲስ የሚገባበት ዕቃ፣ ያገለገለው ዋጋውን ይዞ መቆየት ይከብደዋል። በዚያ ላይ የቻይና አምራቾች በየጊዜው የተሻለ ባትሪ ያለው ሞዴል ያወጣሉ። የሦስት ዓመቷ ሞዴል «አሮጌ ስልክ» ትመስላለች። ደግሞ ነገ የቀረጥ ፖሊሲው ቢቀየር ዋጋው ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል። ስለዚህ ኤሌክትሪክ የምትገዙ ከሆነ፣ መኪና ብቻ ሳይሆን የመንግሥት ፖሊሲም ላይ ነው የምትወራረዱት።

የእኔ አስተያየት ይኸውላችሁ። መኪናዋን ቀኑን ሙሉ የምትነዷት ከሆነ፣ ለምሳሌ የጥሪ ታክሲ ሥራ ላይ፣ ግቢ ውስጥም ቻርጅ የምታደርጉበት ቦታ ካለ፣ ኤሌክትሪክ ግዙ። ነዳጁ ዋጋ መውረዱን ይሸፍነዋል። ከካዛንቺስ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ ለምትመላለሱና ቅዳሜና እሁድ ዘመድ ለምትጠይቁ፣ ቪትዟን ይዛችሁ ቆዩ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ለምትኖሩማ ኤሌክትሪኳን ከመግዛታችሁ በፊት ገመዱ በየት በኩል እንደሚወርድ አስቡ።

ዲዛየር መሀል ላይ ናት። ዕቃዋ ይገኛል፣ ነዳጅ አትበላም፣ ዕድሜዋም ለኢንሹራንስ ደህና ነው። ብዙ አልልባትም፣ አሰልቺ መኪና ናት፣ አሰልቺነቷ ነው ጥቅሟ።

ስለ ዕድሜ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ቪትዝ በዋጋ ስለምታንስ አረቦኗ ይቀንሳል ብላችሁ ብቻ አትዝለሉ። አንዳንድ መድን ሰጪዎች ዕድሜዋ ለገፋ መኪና ሙሉ ሽፋን ላይ ያመነታሉ፣ ወይም አዲስ መለዋወጫ ሲገጠምላት የእርጅናውን ድርሻ ከካሳው ይቀንሳሉ። መብራቱ ሱማሌ ተራ ሁለተኛ እጅ ይገኛል፣ በአዲስ ዋጋ ግን አይከፈላችሁም። ከመፈረማችሁ በፊት «ዕድሜዋ ስንት ሲሆን ነው ቅነሳ የሚጀመረው?» ብላችሁ ጠይቁ። ያንን ጥያቄ ስትጠይቁ ፊታቸው ይቀየራል፣ ጥሩ ምልክት ነው።

ስም ማዛወር ወይስ በውክልና መንዳት?

ዋጋ ሌላ ጊዜ የሚያስከፍለው ስም ሲዛወር ነው። ውልና ማስረጃ ስትሄዱ የቴምብር ቀረጡ የሚሰላው በመኪናዋ ዋጋ ነው። ሰው ታዲያ ምን ያደርጋል? ወይ ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ይጽፋል፣ ወይ ጭራሽ ስም ሳያዛውር ውክልና ተቀብሎ ይነዳል። የመጀመሪያው ቀላል አይደለም። ከገበያ የራቀ ዋጋ ጥያቄ ያስነሳል። ከዚያ በላይ ደግሞ ነገ ክርክር ቢነሳ እጃችሁ ላይ ያለው ሰነድ ከከፈላችሁት በታች ነው የሚናገረው። 1,500,000 ከፍላችሁ 500,000 የሚል ውል ይዛችሁ ፍርድ ቤት መቆምን አስቡት።

ውክልናው ደግሞ ይብሳል። ሊብሬው ላይ ያለው ስም የሻጩ ነው። ሻጩ ቢሞት ውክልናው አብሮት ይሞታል። ወራሾቹን ፍለጋ ትሄዳላችሁ፣ እነሱ ደግሞ መኪና እንዳላቸው ያኔ ነው የሚያውቁት። ለሻጩም ቢሆን አደጋ ነው። በሕጋችን የመኪና ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል። የሸጣችሁት መኪና ከሦስት ዓመት በኋላ ሰው ቢገጭ መጥሪያው የሚመጣው እናንተ በር ላይ ነው። ኢንሹራንሱም ጋ ቢሆን የማን መኪና ናት የሚለው ጥያቄ ካሳው ሲደርስ ይነሳል፣ አረቦን ስትከፍሉ ግን ማንም አይጠይቃችሁም።

እዚህ ላይ ምርጫ የለም ባይ ነኝ። አዛውሩ። ክፍያው የሚያንገበግባችሁ ከሆነ፣ ዋጋዋ ያነሰ መኪና ግዙ።

ቀረጥ ሳይከፈልባት የገባች መኪና በቅናሽ ሲያቀርቡላችሁ ደግሞ ቅናሹን ሳይሆን ሊብሬውን እዩ። ባልተከፈለው ቀረጥ ምክንያት መብቱ ወደሌለው ሰው እንዲሁ አትዛወርም። ያ ቀረጥ የተረሳ ዕዳ አይደለም፣ የሚጠብቃችሁ ዕዳ ነው። ባንክ የያዛት ወይም እግድ ያለባት መሆኗንም ከፋይሉ አጣሩ፣ ከደላላው አፍ አይደለም።

ቨርጂኒያ ላለው ዘመዳችሁ

የአክስቴ ልጅ ፎቶውን ልኮ ዝም አላለም፣ በነጋታው ደወለ። «ሌላ መኪና ልቀይር ነው፣ የትኛዋን ልግዛ?» ከአምስት ኪሎ ሆኜ የፌርፋክስ መኪና ማማከሬ ያስቃል፣ ግን ሂሳቡን አብረን ሠራነው። እናንተም ዘመድ አላችሁና ልንገራችሁ።

እዚያ ግብሩን የሚጥለው የአካባቢው አስተዳደር ነው። መኪናዋ በጃንዋሪ 1 ምን ያህል ታወጣለች ተብሎ ከገበያ ዋጋ መጽሐፍ ይወሰዳል፣ በየ100 ዶላሩ ይቆጠራል። ፌርፋክስ ካውንቲ በፈረንጆቹ 2022 በ100 ዶላር 4 ዶላር ከ57 ሳንቲም ነበር የሚያስከፍለው። የ14,000 ዶላር መኪና፣ ቅናሽ ሳይገባ፣ 639 ዶላር ከ80 ሳንቲም ማለት ነው።

ያ ዓመት ደግሞ ታሪክ አለው። በኮቪድ ጊዜ የቺፕ እጥረት ተፈጠረ፣ አዲስ መኪና ጠፋ፣ ሰው ሁሉ ያገለገለ ላይ ተረባረበ። በአሜሪካ ከጃንዋሪ 2021 እስከ ጃንዋሪ 2022 የሁለተኛ እጅ መኪና ዋጋ 40 ከመቶ ገደማ ጨመረ። የእኛን የሐምሌውን ጊዜ ያየ ሰው ይህ ይገባዋል። እነሱ ግን አልለመዱትም። አንድ ዓመት የባሰ ያረጀች መኪና የበለጠ ግብር ትጠየቅ ጀመር። 14,000 የነበረችው 19,600 ብትሆን ግብሯ 895 ዶላር ይገባል። ጩኸቱ ሲበዛ ፌርፋክስ የዋጋውን 85 በመቶ ብቻ ቆጥሬ አስከፍላለሁ አለ። እንደዚያም ሆኖ 761 ዶላር ነው። ከበፊቱ 120 ዶላር በላይ ጭማሪ፣ ያቺው መኪና፣ ያው ሞተር፣ ያው የተቀደደ ወንበር።

ስለዚህ እዚያ መኪና ስትመርጡ መጀመሪያ የሚታየው የ20,000 ዶላር መስመር ነው። ከፈረንጆቹ 1998 ጀምሮ ግዛቱ ለግል መኪና የግብሩን ከፊል ይሸፍናል። «የመኪና ግብር ይቅር» ብሎ ተወዳድሮ ያሸነፈው ገዢ ጂም ጊልሞር ያመጣው ነው። ሽፋኑ ግን የሚሠራው ለመጀመሪያው 20,000 ዶላር ዋጋ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው እያንዳንዱ ዶላር ያለ ቅናሽ ይገረፋል። የአክስቴ ልጅ አንዷን በ27,000፣ ሌላዋን በ19,000 አይቷል። ዕዳው በየዓመቱ እንደሚከተለው ካሰበ የ19,000ዋ ናት። ዋጋዋ 1,000 ዶላርና ከዚያ በታች የሆነችውማ ግብሯ ጭራሽ ይሰረዛል፣ ግን ያቺን መኪና ለማን ትመክራላችሁ?

«ሜሪላንድ ብገባስ?» አለኝ። ፖቶማክን ተሻግሮ ሜሪላንድና ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የግል መኪና ላይ እንዲህ ያለ ዓመታዊ የንብረት ግብር የለም። እነሱ በስም ማስመዝገቢያው ጊዜ ዋናውን ይወስዳሉ። ካሊፎርኒያ ደግሞ በየዓመቱ ያስከፍላል፣ ግን የሚነሳው ከገዛችሁበት ዋጋ ነው፣ በተወሰነ ሰንጠረዥ በየዓመቱ ይወርዳል፣ 0.65 በመቶ ነው። ገበያ ቢያብድም ያ ሰንጠረዥ አያብድም። ኮነቲከትም ከፈረንጆቹ 2024 ጀምሮ ወደዚህ ዓይነቱ ተዛውራለች፣ መነሻዋ አዲስ ሳለች ፋብሪካው ያወጣላት ዋጋ ሆኗል። ለመኪና ግብር ብሎ ቤት መቀየር ግን ዕብደት ነው። የሜሪላንድ ታርጋ ይዞ ቨርጂኒያ ማደርም አይሠራም፣ ግብሩ የሚከተለው መኪናዋ የምታድርበትን ቦታ ነው።

አንድ የሚሠራ ነገር ነገርኩት። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ዋጋ መደበኛ ርቀት የተነዳች መኪና ዋጋ ነው። የሱ መኪና ብዙ ተነድታለች፣ በሩም ተጎድቷል። የኪሎ ሜትር ማስረጃና ፎቶ አያይዞ ካውንቲው ዘንድ ይግባኝ ማለት ይችላል። አልሞከረም ነበር። «እዚህ አገር የመንግሥት ወረቀት ተሳስቶ አያውቅም ብዬ ነው» አለኝ። እኔ ከአዲስ አበባ ሆኜ ሳቅኩ።

ከዚያ ወረቀቴን አወጣሁ፣ ያቺን ባዶ መስመር። ከመሙላቴ በፊት ሦስት ደላሎች ጋ ደወልኩ፣ እንደ ገዢ ሆኜ፣ የራሴን ሥሪትና የታርጋ ፊደል እየጠራሁ። አንዱ 1,700,000 አለ፣ አንዱ 1,550,000፣ ሦስተኛው «ካሽ ነው?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ 1,620,000። መሀለኛውን ጻፍኩ። የደወልኩበትን ቀን ከወረቀቱ ጀርባ በእርሳስ አሰፈርኩ። ሦስተኛው ደላላ አሁንም ይደውላል፣ መኪናዋን አግኝቼልሃለሁ ይላል።